ከጥቁር አንበሳ ሽቅብ፦ ስለ ጃዝና ስለ ፒያሳ

አዘጋጆቹ “ስለ ሕክምና እንዳታወሪ” ብለውኛል። እኔም ደስ አለኝ፤ ስለ ጃዝ ላውራ።

ሁላችንም ከጥቁር አንበሳ ተነስተን በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ፒያሳ ወጥተናል። ለማኪያቶ፣ ለሲኒማ፣ አንዳንዶቻችሁ ለሌላም ጉዳይ። የምንረግጠው ሰፈር ምን እንደሆነ ግን ያስተማረን አልነበረም።

ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ያገኟቸውን 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። “አርባ ልጆች” የምንላቸው እነሱ ናቸው፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የነሐስ መሣሪያ ከዚያ በኋላ ወደ ክቡር ዘበኛና ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ እየተዛመተ ሄደ። ማታ ማታ ደግሞ በደጃች ውቤ ሰፈር፣ በዚያ “ውቤ በረሃ” በተባለው፣ ጠጁና አዝማሪው ነበር። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ሲጫወት ሁለቱ ዓለም ተገናኘ።

ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና ሊማር ዌልስ ሄዶ፣ ለንደንና ቦስተን ሙዚቃ ተምሮ ተመለሰ። (ልጆቻችሁን “ሕክምና ግቡ” የምትሉ ወላጆች፣ ይቺን ያዙልኝ።) ሥራው ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ባለ 5 ድምፅ ናቸው፤ የምዕራቡ ሙዚቃ 12 ድምፅ አለው። ብዙው ትንሹን እንዳይውጠው፣ እኛ ሁለት መድኃኒት አብረን ስናዝ እንደምንጠነቀቀው መጠንቀቅ ነበረበት። ኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ ሲመጣ ይህ ሙዚቃ እዚሁ ጠበቀው። አምኃ እሸቴማ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በ1961 ዓ.ም. ደፍሮ የራሱን ማሳተም ጀመረ።

ከዚያ ሰዓት እላፊው መጣ፣ ሌሊቱ ተዘጋ።

ጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዝ አምባ አብሮ ነደደ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ብዙው የፒያሳ ክፍል ፈረሰ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም ያምራል፤ አልክድም። ግን “እዚህ ቤት እገሌ ይጫወት ነበር” የሚለው ሽማግሌ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ ከተማው ዳር ገብቷል። ቤቱ ሲፈርስ ፎቶ ይቀራል፤ እሱ ሲያርፍ የሚቀር የለም። አምኃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2013 ዓ.ም. በወራት ልዩነት አረፉ።

እኔ የምሠራው እንጅባራ ነው። እዚያ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ጥር 23 ቀን ፈረሰኛው ሽለላውን እያሰማ ሲወጣ የዳንግላ ልጅ ሳይቀር የአያቱን የአድዋ ዘመቻ ያውቃል። ፈረሱ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ማኅበር አለው፣ ቀን አለው፣ ተረካቢ አለው። የፒያሳ ጃዝ ከሦስቱ የትኛው አለው?

እኛ ደግሞ ታሪክ መውሰድ የሠለጠንን ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ከአራዳ የተነሱ አዛውንቶች ወደናንተ ይመጣሉ፤ ደም ግፊቱን ከለካችሁ በኋላ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ ሌላ ቀን አምስት ጥያቄ ጨምሩ፦ የትኛው ቤት፣ የትኛው ባንድ፣ ማን ይነፋ ነበር፣ ማን ይጨፍር ነበር፣ መቼ ተዘጋ? በስልካችሁ ቅረጹ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ አለ፤ ቅጂውን ይረከበን እንደሆነ የሚጠይቅልን አንድ መምህር ዛሬ ምሳ ላይ እፈልጋለሁ። ከኋላ በኩል፣ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ነው የምቀመጠው።