የትዕማር ልቅሶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በደሴና በኮምቦልቻ፣ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር ሆናችሁ በራዲዮ የምታዳምጡን የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር በዐውደ ምሕረት እምብዛም የማይነሣ ነው። ይኸውም በሴቶች ላይ ስለሚፈጸመው ግፍ ነው። ለጆሮ ይከብዳል ብለን እኛ ብንተወው መጽሐፍ ቅዱስ አልተወውም።

በሁለተኛው የሳሙኤል መጽሐፍ በ13ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ የዳዊት ልጅ አምኖን የታመመ መስሎ ተኛና እኅቱ ትዕማር ምግብ እንድታቀርብለት ለመነ። ዳዊት ራሱ ወደ እርሱ ላካት። አምኖን በግድ አስነወራት፤ ወዲያውም ጠልቶ ከቤቱ አስወጣትና በሩን አዘጋባት። እርስዋም በራስዋ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብስዋን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ወንድምዋ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት። ዳዊትም ሰምቶ ተቈጣ፤ ነገር ግን በኵር ልጁን አልቀጣውም። ትዕማርም በወንድምዋ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች።

ነገሩ በዚህ የተዘጋ ይመስል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አቤሴሎም አምኖንን በግብዣ መካከል አስገደለው። ሸሽቶ ከኖረበት አገር ከተመለሰም በኋላ በአባቱ ላይ ዐመፀ። ዳዊት በባዶ እግሩ እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ፤ በጦርነቱም 20 ሺህ ሰው ወደቀ። ደግሞም ይህን ልብ በሉ፦ የእኅቱን ደም እመልሳለሁ ያለው አቤሴሎም፣ ኢየሩሳሌም በገባ ጊዜ አባቱን ለማዋረድ ሲል በአባቱ ዕቁባቶች ላይ ያንኑ ነውር ሠራ። በአንድ ቤት ተሸፍኖ የቀረ በደል መንግሥትን እስከ ማናወጥ ደረሰ።

እኛም ይህን በዐይናችን አይተናል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበሩ። በዚያ ጦርነት በአማራ፣ በአፋር፣ በትግራይም ሴቶች በታጣቂዎች እንደ ተደፈሩ የሰብአዊ መብት መርማሪዎች መዝግበውታል። የአንዲቱን እናት እንባ ከሌላይቱ እንባ አናበላልጥም። ነገር ግን ባለ ጠመንጃ ሲያደርገው ግፍ ያልነውን፣ በሰላም ቀን ጎረቤታችን ሲያደርገው ለምን የቤት ገመና እንለዋለን?

በወሎ ምድር አበጋሮች ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም አስቀምጠው ደም ያደርቃሉ፤ ይህ የተከበረ ሥራ ነው። ልጅ በተደፈረች ጊዜ ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ በሁለት አባቶች መካከል ነው፤ ልጂቱ ጓዳ ናት። ካሣው ለአባት ይከፈላል፣ አለዚያም ለደፈራት ሰው ትዳራለች። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያድነው ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግን ይህን ሽሮ፣ ቢያገባትም ከቅጣት እንደማያመልጥ ደነገገ። ፍትሐ ነገሥታችን ግን ጋብቻ በሁለቱ ፈቃድ እንዲሆን ካዘዘ ስንት ዘመኑ ነው! ባናነበው ነው እንጂ።

በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፣ ከገጠር ለሥራ የመጡ ልጃገረዶች አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። አንዲቱ አምሽታ ስትመለስ ክፉ ቢያገኛት፣ በዚያ ሰዓት ምን ትሠራ ነበር ባዩ ይበዛል። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ፣ በሜዳ ጮኻ የሚያድናት ያጣችውን ልጅ በደል የለባትም ሲል ፈርዶላታል። እኛ ከሙሴ የከበድን ዳኞች ሆንን።

ካህናትም ከዚህ ንጹሓን አይደለንም። ባልዋ የደበደባት ሴት ያበጠ ፊትዋን ለነፍስ አባትዋ ስታሳይ፣ ስለ ልጆችሽ ታገሺ ብለን ወደዚያው ቤት የመለስናት ብዙ ናት። ባልየውን ጠርተን ንስሓ የሰጠነው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችን ካህናት ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት የመንፈስ ልጃችሁ ብትመጣ፣ ዝም በዪ አትበልዋት። የተደፈረች እንደ ሆነች ገላዋን ሳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ ሳታጥብ፣ ፈጥና ወደ ሆስፒታል ትሂድ፤ ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት የሚሰጠው በ72 ሰዓት ውስጥ ብቻ ነውና። ብቻዋን መሄድ ከፈራች መስቀላችሁን ይዛችሁ አብራችኋት ሂዱ፤ ፖሊስ ጣቢያም ቢሆን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።