ቦታን የሚያስወድደው ምንድን ነው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን «ስለ አገር ናፍቆት አንድ ነገር በል» ባሉኝ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከእኛ መካከል ስንቱ ነው ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ወደ አዲስ አበባ የመጣው! በዚህ ሰፈር ሠላሳና አርባ ዓመት ኖረን፣ ልጅ ድረን፣ ወዳጅ ቀብረን፣ ዛሬም «አገርህ ወዴት ነው?» ስንባል የምንጠራው ያንን ደጋ ነው። ይህ ለምን ሆነ ብዬ ራሴን ብጠይቅ መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም።

አንድ ቦታ ለሁሉ ሰው አንድ ሆኖ አይታይም። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ መጀመሪያ የሚሄድ እንግዳ ጉሙንና ብርዱን አይቶ «እዚህ ደግሞ ሰው ይኖራል እንዴ?» ይላል። እዚያ ያደገው ግን በዚያው ሜዳ ላይ በግ የጠበቀበትን ጉብታ፣ ከነፋስ የተጠለለበትን ካብ፣ እናቱ የበግ ጠጉር የፈተለችበትን ደጃፍ ያያል። የጀማን ገደል እንግዳ ሲያየው ራሱ ይዞርበታል፤ የመርሐ ቤቴ ሰው ግን አህያ እየነዳ የወረደበትን መንገድ ያስታውሳል። እንግዲህ ቦታን የምናየው በዓይናችን ብቻ አይደለም፤ እዚያ በሠራነው ሥራም ጭምር ነው።

«የለም፣ ፍቅሩ የርስት ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ጥንት ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ዘሩን ቆጥሮ ርስቱን ይጠይቅ ነበር፤ ስለ ርስትም ያልተሟገተ አልነበረም። ነገር ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስት ቀረ። ርስቱ ሲቀር ፍቅሩ አብሮ ቀረ ወይ? አልቀረም። ስለዚህ ከርስት ሌላ የሚያስተሳስር ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ለማየት የመንዝን ጓሳ እንመልከት። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውርጫማ ምድር ነው። ከአገራችን በቀር በዓለም የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ቄሮ በሚባል ሥርዓት በጋራ ይጠብቁት ነበር። አለቃ ይመርጡ ነበር፤ ሣሩ እንዲያገግም ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በዚያን ጊዜ ማንም አያጭድም፣ ከብት አያሰማራም ነበር፤ ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ያገኘው ነበር። በበጋ ሲከፈት ሁሉም ድርሻውን ይወስድ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ርስት ሲቀር ይህም ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ ሲጠፋ ሣሩ ያለ ልክ ታጨደ፣ ግጦሹም ተጎዳ። የኋላ ኋላ ግን የአካባቢው ገበሬዎች ከየቀበሌው ሰው መርጠው፣ ኮሚቴ አቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው ጥበቃውን እንደገና ጀመሩ። ልብ በሉ፤ አሁን የሚጠብቁት በዘር ቆጠራ ብቻ አይደለም፣ በአካባቢው ነዋሪነትና በደንብ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። እናቴ ከጌራ ምድር ወደ እኔ ዘንድ ስትመጣ የሚጎድላት እንዳይኖር ብዬ ሁሉን አሟላሁላት። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ በር በሩን እያየች ትቀመጣለች። «ምን ጎደለሽ?» ብላት «ልጄ፣ ምንም አልጎደለኝም። እኔ ግን እዚህ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ስንት ቀን ይቀመጣል?» አለችኝ። ዘመድ የናፈቃት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት ሰው ሞተና ጡሩምባ ሲነፋ የሴቶቹ ዕድር ሰዎች «እማማ፣ ንፍሮውን ያግዙን» ብለው ጠሯት። ማታ ቀሚሷ አመድ ነክቶት፣ ድካም እየታየባት ተመለሰች። «ዛሬ ሰው ሆንኩ» አለች። ከዚያን ቀን ወዲያ «የእናንተ ሰፈር» ማለቷን ትታ «ሰፈራችን» ማለት ጀመረች። ያረፈችውም እዚሁ ነው፤ ያነሣችኋት እናንተ ናችሁ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህን ነው፦ ቦታ የእኛ የሚሆነው ስለተወለድንበት ወይም ቤት ስላለን ብቻ ሳይሆን፣ በጥበቃውና በሥራው ተራ ሲደርሰን ነው። ተራ የሌለው ሰው ሃያ ዓመት ቢቀመጥም እንግዳ ነው።

ታዲያ ዛሬ በሰፈራችን ተራ የሌላቸው እነማን ናቸው? ልጆቻችንና ቤት ተከራዮቹ ናቸው። ልጆቹን «አገራችሁ መንዝ ነው» እንላቸዋለን፤ እነሱ ግን በዚያ በግ አልጠበቁም። እዚህ ደግሞ ድንኳን እንኳ አናስተክላቸውም። ከተከራዩ መዋጮውን እንቀበላለን፤ ሥራ ግን አንሰጠውም። ቆይተን «የዛሬ ልጅ ሰፈሩን አይወድም» እያልን እናማለን። በምን ይውደደው?

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ በድንኳን ተከላው፣ በወንበርና በዕቃ ቆጠራው፣ በለቅሶ ቤት አዳሩ ወጣቶችና ተከራዮች በስም ተመዝግበው ተራ ይሰጣቸው። የአገራችንን ናፍቆት ለልጆቻችን ማውረስ ይከብደን ይሆናል፤ ተራችንን ግን ማውረስ እንችላለን።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ለእኛም ዕድሜና ጤና ይስጠን።