ቀላሉ ስክሪፕት ወይስ ባለ ጌጡ?

(ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከሩቅ ሲያዩት የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ይመስላል። ይኸውም የምንጽፈው ስክሪፕት በማናቸውም ሼል ላይ የሚሠራ ቀላል ጽሑፍ ይሁን፥ ወይስ አንዱ ሼል ብቻ ባለው ልዩ ነገር ይገልገል የሚለው ነው። ጠጋ ብለን ስንመለከተው ግን የሚጠይቀን ሌላ ነገር ነው። እኛ ተመርቀን ከሄድን በኋላ ሥራችንን ማን ያነበዋል? በማንስ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል?

አስቀድመን ታሪኩን እናስታውስ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ስቲቨን ቦርን በቤል ላቦራቶሪ የሠራው ሼል ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር በ1979 ወጣ። ከዚያ በኋላ ዴቪድ ኮርን የራሱን ሼል ሠራ፤ ብራያን ፎክስም በ1989 ባሽን ለግኑ ፕሮጀክት አበረከተ። እያንዳንዱ አዲስ ነገር ስለ ጨመረ ቋንቋው ዘዬ አበዛ። ስለዚህ በ1992 ፖዚክስ የተባለው ደንብ ለሼሎች ሁሉ የጋራ ቋንቋ ወሰነላቸው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የጎጃም፥ የወሎና የሸዋ ሰው በየዘዬው ይናገራል፤ ዘዬውም ውበት አለው። ለአገር ሁሉ የሚነበብ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው ግን ሁሉም የሚያውቀውን ቃል ይመርጣል።

አሁን ወደ ሠፈራችን እንመለስ። ከቦሌ እስከ ገርጂ፥ ከሰሚት እስከ ጎሮው የአይ ሲ ቲ ፓርክ ድረስ ሥራ የምንፈልግ ተማሪዎች ብዙ ነን። በአንድ ቢሮ ውስጥ ብቻ ሦስት ዓይነት ኮምፒዩተር ሊገጥመን ይችላል። አንዱ ዘመድ ከውጭ አገር የላከው ማክ ነው። ባሽ 4.0 በ2009 ሲወጣ ፈቃዱ ስለ ተለወጠ አፕል አልተከተለውም፤ ስለዚህ ከማክ ጋር የሚመጣው ባሽ አሮጌው 3.2 ነው። ሁለተኛው የኡቡንቱ ሰርቨር ነው። በዚያ ላይ ኤስ ኤች ተብሎ የሚጠራው ሼል ከ2006 ወዲህ ባሽ ሳይሆን ዳሽ ነው፤ የተመረጠውም ትንሽና ፈጣን ስለ ሆነ ነው። ሦስተኛው አልፓይን የተባለው ቀላል ሊኑክስ ሲሆን የቢዚቦክስን ሼል ይጠቀማል።

እንግዲህ በላፕቶፑ ላይ ባሽን የለመደ ተማሪ የስክሪፕቱን የመጀመሪያ መስመር ኤስ ኤች ብሎ ይጀምርና በውስጡ የባሽን ድርድሮችና ድርብ የማዕዘን ቅንፎች ይጠቀማል። በእርሱ ዘንድ ይሠራል። ወደ ኡቡንቱ ሲሄድ ግን ዳሽ አላውቅም ይላል። ጥፋቱ የዳሽ አይደለም፤ ስክሪፕቱ በደጃፉ ላይ አንድ ስም ለጥፎ በውስጡ ሌላ ሆኗልና።

ከሁሉ የሚከፋው ስክሪፕቱ ሳይቆም ሲቀር ነው። በነጠላ ቅንፍ ውስጥ ሁለት የእኩል ምልክት ብንጽፍ ዳሽ አንድ የስሕተት ቃል ያወጣል፤ ፈተናውንም እንደ ሐሰት ቈጥሮ ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያልፋል። ይህ ስክሪፕት በሌሊት የአንድን ክሊኒክ መዝገብ የሚገለብጥ ነው እንበል። የስሕተቱን ቃል የሚያይ ሰው በዚያ ሰዓት የለም። ቅጂው እንዳልተያዘ የሚታወቀውም መዝገቡ በጠፋ ቀን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይሁን እንጂ የተቃራኒዎቻችንን ሐሳብ በቅንነት ማየት ይገባናል። የባሽ ድርድር ጌጥ ብቻ አይደለም። «የተማሪዎች ውጤት» ብለን በመካከሉ ክፍት ቦታ ያለበት የፋይል ስም ስንሰጥ ድርድር ስሙን ሳይቈራርጥ ይይዝልናል፤ በቀላሉ ሼል ግን ጥቅሱን አንድ ጊዜ ብንረሳ ስሙ ለሁለት ይከፈላል። ለአማርኛም ሌላ ችግር አለ። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ በዩ ቲ ኤፍ 8 ግን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ይሆናል። ባሽ አካባቢው በትክክል ከተዘጋጀለት ሦስት ይላል፤ ብዙዎቹ የዳሽ እትሞች ግን ዘጠኝ ይላሉ። እንግዲህ ቀላሉ ሁልጊዜ ይበቃል የምንል አይደለንም።

ነገር ግን የየራስ መንገድ ዋጋ ምን እንደ ሆነ አገራችን ታውቀዋለች። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቍጥር ያስቀምጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ጭረት ይሆን ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ብልህ ሥራ ነበረ፤ የጎደለው ስምምነት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ የመጀመሪያው መስመር ኤስ ኤች ካለ በፖዚክስ ቋንቋ ብቻ እንጻፍ፤ በዳሽና በቢዚቦክስ እንፈትነው፤ ሼልቼክ በተባለውም መሣሪያ እናስመርምረው። ትእዛዞቹንም አንርሳ። ፋይልን በቦታው የሚያርመው የሴድ ምርጫ በሊኑክስና በማክ ይለያያል፤ የቀን ስሌትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፤ ባሽ የግድ ካስፈለገ በመጀመሪያው መስመር ባሽ ብለን በግልጥ እንጻፍ፤ የሚያስፈልገውንም እትም እንጥቀስ። ዘዬን መናገር ነውር የለበትም፤ ነውሩ መደበቁ ነው።

ሦስተኛ፤ ሥራው የአማርኛ ጽሑፍ መቍጠርና መቈራረጥ ከሆነ ወይም ስክሪፕቱ ረዝሞ ጸሐፊውን ራሱን ካስቸገረው፥ ሼሉን ትተን ወደ ፓይተን እንሂድ።

ደንቡም ቢሆን ቆሞ አይቀርም። በቧንቧ መካከል የወደቀውን ትእዛዝ የሚያጋልጠው ፓይፕፌይል ለረጅም ጊዜ የደንብ ውጪ ተጨማሪ ነበረ፤ በ2024 ግን ፖዚክስ ተቀበለው። የዛሬው ዘዬ የነገ የጋራ ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የጸሐፊው ፈንታ ነው።

በሚመጣው ስብሰባ እያንዳንዳችን አንድ የራሳችንን ስክሪፕት ይዘን እንምጣ፤ በዳሽ ላይ እናሂደውና የሚሆነውን አብረን እንይ። መምህራኖቻችንም የማይስማሙበትን ነጥብ በዚያው ቀን እንዲነግሩን በአክብሮት እንጠይቃለን።