ባዶ እጃችን ምስክራችን ነው

 

ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወንድሙ የታሰረበት አንድ ወጣት እጄን ይዞ «እስከ መቼ ነው ባዶ እጃችንን የምንቆመው?» አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። ዛሬ መልሴን ለሁላችሁም ልስጥ።

ከአወልያ ጀምሮ ጥያቄያችን ሦስት ነው፦ አህባሽ በግዴታ አይጫንብን፣ የመጅሊስ መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ አወልያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር። ሦስቱም ሲጠቃለሉ አንድ ናቸው፤ መንግሥት ከድንበሩ አይለፍ። ድንበሩን ያሰመርነው እኛ አይደለንም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ከልክሏል። የመጅሊስ ምርጫ ከመስጂድ ወጥቶ ቀበሌ ሲገባ ያ ድንበር ተጣሰ።

ሥልጣን ገደብ እንዳለው ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። አቡበክር (ረ.ዐ) ኸሊፋ በሆኑ ጊዜ ሕዝቡን የጠየቁት መልካም ከሠሩ እንዲያግዛቸው፣ ከተሳሳቱ እንዲያቀናቸው ነበር። እርሳቸው «አርሙኝ» ካሉ፣ ዛሬ አይታረምም የሚባል ባለሥልጣን ማን ነው?

ታዲያ ባዶ እጅ ለምን? አንቀጽ 30 የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት ሲሰጠን መሣሪያ ሳይያዝ፣ በሰላም ይሁን ይላል። ይህ ቃል እኛን ብቻ አያስርም፤ መንግሥትንም ያስራል። መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ ለሚዘምት ኃይል ምክንያት የለውም። «አሸባሪ» ሊያሰኙን የሚደክሙት፣ ኮሚቴዎቻችንንም በአዋጅ 652/2001 የከሰሱት ለዚህ ነው። አንዲት ድንጋይ ከእጃችን ከወጣች ፈልገው ያጡትን ማስረጃ እኛው ሰጠናቸው ማለት ነው።

አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያን ወገኖቻቸው አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ዒዶቻችን የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሲተነኩሱህ ቁጭ በል። ድንጋይ የሚያነሳ ካየህ እጁን ያዝ፤ ሰርጎ ገብ ሊሆን ይችላል። ከመስጂድ ስንወጣ እናቶችንና ሕፃናትን አስቀድም። ሶብር ማለት ዝም ማለት አይደለም፤ ሐቅን እየተናገሩ መጽናት ነው።

አላህ የታሰሩትን ያስፈታልን፣ የሞቱትን ይማርልን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!