ስለ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕንፃና ምእመናን በበዓል ጉባኤ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



አባቶቻችን ቤተ ክርስቲያን የሚለው ስም ሦስት ትርጓሜ እንዳለው ያስተምሩናል፤ አንደኛው ሕንፃው፥ ሁለተኛው ምእመኑ፥ ሦስተኛው የምእመናን አንድነት ነው። እኔም ስለ ደብራችን የምናገረውን በዚሁ መንገድ እመራዋለሁ።

ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. መናገሻ ካደረጓት በኋላ፥ ከ1674 እስከ 1698 ዓ.ም. የነገሡት የልጅ ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ ይህን ደብር ከከተማው በስተ ምሥራቅ ተከሉ። ብዙ ሰው ዛሬ የምንቀድስበት ሕንፃ ንጉሡ ያቆሙት ያው ሕንፃ ይመስለዋል። ነገር ግን የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት እንደ መረመሩት፥ የመጀመሪያው ቤተ መቅደስ ክብ ነበረ፤ የመሠረቱም ዱካ ተገኝቷል። ይህ አራት ማዕዘኑ ግን ከእርሱ በኋላ የተሠራ ነው።

ይህን በበዓል ቀን መናገር የደብሩን ክብር ይቀንሳል የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ክብሩን ይጨምራል እላለሁ። ንጉሥ የሠራውን ቤት ማክበር ቀላል ነው፤ የንጉሡ ቤት በጠፋ ጊዜ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ ዳግመኛ ያቆሙት፥ ስማቸው በዜና መዋዕል በሰፊው ያልተጻፈላቸው ካህናትና ምእመናን ናቸው። እኛ የቅኔ ተማሪዎች በሰምና ወርቅ መናገር ልማዳችን ነውና፥ ሕንፃው ሰሙ ነው፥ ወርቁ ግን ሕዝቡ ነው።

ለዚህም የደረሰው መከራ ምስክር ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲመዘብሩ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋየ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች በደምቢያ በሳር ውሃ ድል አድርገው ወደ ከተማይቱ ገቡና፥ ከአርባ አራቱ ታቦት አድባራት ብዙዎቹን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ። በአፍ ሲወርድ በመጣው ታሪክ፥ ንብ ከግቢው ወጥቶ ወራሪውን እንደ አባረረ ይነገራል። ይህን የሚያምን ሁሉ እንዲህ ብሎ ራሱን ይጠይቅ፤ ንብ የጠበቀውን ቤት እኛ በስንፍና ብናፈርሰው ምን መልስ እንሰጣለን?

ዛሬ የሚያሠጋን ሰይፍ ሳይሆን ጠብታ ነውና። በቅድስቱ ገብታችሁ ቀና ብትሉ፥ ጣሪያው ክንፋቸውን በዘረጉ መላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ከመቅደሱ መግቢያ በላይ ሥላሴ በሦስት አረጋውያን አምሳል፥ ከሥራቸውም ስቅለቱ ተሥሏል። የግድግዳው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው፤ ጨርቅም እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፥ ከግድግዳውም ይላቀቃል። ከላይ ያለው ሣር ክዳን ነው፤ ሣር ክዳን በየጊዜው ካልታደሰ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ መንገድ ያገኛል። የጧፍ ጢስም ቀስ እያለ የመላእክቱን ፊት ያጠቁራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፥ ሣር ማጨድና መክደን የሚያውቁ አረጋውያን ሙያቸውን ለወጣቶች ያስተምሩ። ሁለተኛ፥ ጧፍ ከሥዕሉ ርቆ ይብራ፤ ሥዕሉንም ማንም ከባለ ሙያ በቀር በውሃ አይጠበው፥ በእጁም አይዳስሰው። ሦስተኛ፥ ለእድሳት የሰጠና የደከመ ሁሉ፥ አንድ ሸክም ሣር ያመጣችው እናት እንኳ ሳትቀር፥ ስሙ በደብሩ መዝገብ ይጻፍ፤ የቀደሙት ሠሪዎች ስም እንደ ጠፋብን የእነዚህም ለልጆቻችን እንዳይጠፋባቸው።

ደብራችን ከነፋሲል ግቢ ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ይህ ክብር ነው፤ ዳሩ ግን መዝገብ ጣሪያ አይከድንም። የቅጥሩ አሥራ ሁለት ግንቦች የአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል፤ ሐዋርያትም ድንጋይ ሳይሆኑ ሰዎች ነበሩ። እኛም እንደ ግንቦቹ በዙሪያው እንቁም፤ ጥርና ሐምሌ በሰባት የምንሰበሰብበትን ይህን ቤት ለሚመጣው ትውልድ እናድርስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።