ከውሃ በታች ያለው ግንድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች በዚህ መድረክ እንድናገር ሲጋብዙኝ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅደውልኛል። ስለ ኮንክሪት ጥንካሬ ወይም ስለ መንገድ ሥራ ወጪ ይናገራል ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን የምነግራችሁ ስለ ሦስት ቀን ዕረፍት ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአጭር ሥልጠና ወደ አውሮፓ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው ካበቃ በኋላ ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት የተረፉኝን ሦስት ቀናት በአምስተርዳም ከተማ አሳለፍኋቸው። የሄድሁት መሐንዲስነቴን ለጊዜው ረስቼ እንደ ማንኛውም ጎብኚ ለመዝናናት ነበር። መርሳቱ ግን አልሆነልኝም። ለምን እንዳልሆነልኝ ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አምስተርዳም ስሟ ራሱ የምህንድስና ሥራ ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት አምስቴል በተባለው ወንዝ ላይ ግድብ ተሠራ፤ በግድቡ አጠገብ የዓሣ አጥማጆችና የነጋዴዎች መንደር አደገ፤ መንደሩም ስሙን ከወንዙና ከግድቡ ወሰደ። ግድቡ የነበረበት ስፍራ ዛሬ የከተማዪቱ ዋና አደባባይ ሲሆን እስካሁን ድረስ «ዳም» እየተባለ ይጠራል። ከ1613 ጀምሮ ደግሞ ንግዷ የደራው ከተማ መስፋፋት ግድ ስለሆነባት፣ የጌቶች ቦይ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ቦይ፣ የልዑሉ ቦይ የተባሉት ሦስት ታላላቅ የውሃ ቦዮች የጥንቱን ከተማ እንደ ግማሽ ጨረቃ ከበው ተቆፈሩ። ይህ የቦዮች ቀለበት በ2010 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የመጀመሪያውን ቀን በእነዚህ ቦዮች ዳር በእግሬ ስዞር ዋልሁ። ቤቶቹ ፊታቸው ጠባብ፣ ቁመታቸው ረጅም ነው። በየጣሪያቸው ጫፍ ላይ መንጠቆ ያለው ወፍራም አግዳሚ ወደ ውጭ ወጥቷል። ደረጃቸው ጠባብና ቀጥ ያለ በመሆኑ ቁም ሣጥንም ሆነ አልጋ በውስጥ በኩል አይወጣም፤ በገመድ ታስሮ በመስኮት ይገባል። ብዙዎቹ ቤቶች ወደ ፊት ዘንበል ያሉ ሲሆኑ፣ ይህም የሚሰቀለው ዕቃ ግድግዳውን እንዳይመታ ታስቦ የተደረገ ነው ይባላል። ወደ ጎን ያዘነበሉት ግን ታስቦ አይደለም። አንዱ ቤት በጎረቤቱ ትከሻ ላይ እንደ ደከመ ሽማግሌ ተደግፎ ሳየው፣ ሌላው መንገደኛ ፎቶግራፍ ሲያነሣ እኔ መሠረቱን ማሰብ ጀመርሁ።

መሠረቱስ ምንድን ነው? ከተማዪቱ የቆመችው በለስላሳ ጭቃና ከበሰበሰ ዕፅዋት በተፈጠረ ረግረግ አፈር ላይ ነው። ጠንከር ያለው አሸዋ የሚገኘው 12 ሜትር ገደማ ከተወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ የጥንቶቹ ግንበኞች ረጃጅም የዛፍ ግንዶችን ከሰሜን አገሮች ደኖች በመርከብ እያስመጡ፣ ጫፋቸው አሸዋው እስኪደርስ ድረስ በመዶሻ እየመቱ ቀበሯቸው። በግንዶቹ ራስ ላይ ሳንቃ አነጠፉ፤ በሳንቃው ላይ ግንቡን አነሡ። በዳም አደባባይ ላይ የሚገኘውና በ1648 የከተማ አዳራሽ እንዲሆን የተጀመረው የዛሬው ቤተ መንግሥት በ13,659 ግንዶች ላይ እንደቆመ ይነገራል። ተማሪዎች ይህን ቁጥር የሚይዙበት ዘዴ አላቸው፤ የዓመቱን ቀናት 365ን ወስደው ከፊቱ 1፣ ከኋላው 9 ይጨምሩበታል።

እንጨት በእርጥብ መሬት ውስጥ እንዴት ይህን ያህል ዘመን ይቆያል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ምሥጢሩ ውሃው ነው። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ አየር ይፈልጋል። ግንዱ ሙሉ በሙሉ ከውሃ በታች እስከሆነ ድረስ አየር ስለማያገኘው ሻጋታው አይደርስበትም። ውሃው ዝቅ ብሎ የግንዱ ራስ የተገለጠ እንደሆነ ግን መበስበስ ይጀምራል። ከውሃ በታችም ቢሆን ፈጽሞ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ያለ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ የጥድ ግንድ ላይ፣ በዝግታ ይሠራሉ። በሰው ዕድሜ የማይታይ ጉዳት በብዙ ትውልድ ዘመን ሲደመር ይታያል።

በሁለተኛው ቀን ከአንድ ቦይ ዳር ስደርስ ቅር የሚያሰኝ ነገር ገጠመኝ። በቀይ ጡብ የተሠራውን ጥንታዊውን የቦይ ዳር ግንብ ተከትሎ፣ ዝገት የወረሰው ወፍራም የብረት ላሜራ በውሃው ውስጥ ተተክሎ በረድፍ ቆሟል። በብረቱና በግንቡ መካከል አሸዋ ተሞልቷል። በዳርቻው ተሽከርካሪ እንዳይቆም የሚከለክል አጥር ነበር። እንዲህ ያለ ውብ ሥፍራ በእንዲህ ያለ ብረት መበላሸቱ አሳዘነኝ። ከፊት ለፊቱ ካለው ቤት ደጃፍ ላይ አበባ የሚያጠጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ይህ ብረት የቤትዎን እይታ አላበላሸብዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ አዎን አበላሽቶብኛል፣ ነገር ግን ሌሊት ተኝቼ የማድረው በእርሱ ምክንያት ነው አሉኝ።

ነገሩን ሳጠያይቅ ምክንያቱን ተረዳሁ። በመስከረም ወር 2020 መጀመሪያ ላይ፣ በመካከለኛው ከተማ ግሪምቡርግዋል በተባለው ቦይ ዳር ያለው ግንብ በድንገት ተደርምሶ መንገዱን ይዞ ውሃ ውስጥ ገባ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። አደጋው ግን ለብዙ ዘመን ተሸፍኖ የቆየውን ነገር ገለጠ። የቦይ ዳር ግንቦቹም እንደ ቤቶቹ በእንጨት ግንዶች ላይ የቆሙ ናቸው። የታነጹት የፈረስ ጋሪና የእጅ ጋሪ በሚመላለስበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ የሚሸከሙት ግን የጭነት መኪናንና በረድፍ የቆሙ አውቶሞቢሎችን፣ እንዲሁም ሥራቸውን የሰደዱ ትልልቅ ዛፎችን ነው። ከግሪምቡርግዋል አደጋ በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው፣ ከግንቡ ፊት ያለው የቦዩ ወለል ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጎደጎደ ሄዶ ነበር። የቦዩ ወለል ሲጎደጉድ ግንዶቹን ከጎን ደግፎ የሚይዘው አፈር ይቀንሳል፤ በቀጫጭን ግንዶች ላይ ከኋላ የሚገፋው አፈር ያይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ከተማዪቱም 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የቦይ ዳር ግንብ ሁኔታው መመርመር እንዳለበት አስታውቃ፣ ብዙ ዐሥርት ዓመታት የሚወስድ የምርመራና የእድሳት ሥራ ጀምራለች። ጠላቂዎች ወደ ጨለማው ውሃ እየገቡ የግንዶቹን ጥንካሬ ይለካሉ፤ በግንቦቹ ላይ በተለጠፉ ምልክቶች አማካይነት እንቅስቃሴያቸው በሚሊ ሜትር ይከታተላል፤ ለከባድ መኪናዎች የክብደት ገደብ ተደንግጓል፤ ሊወድቅ የደረሰው ግንብ ተራው እስኪደርስ ድረስ እኔ ባየሁት ዓይነት ላሜራ ይደገፋል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን አንድ ቀላል ነገር ነው። ባለሀብት የሆነች፣ በውሃ ሥራ ዓለም የሚያውቃት ከተማ እንኳ ከራሷ መንገድ በታች ያለውን ሁኔታ በሚገባ አለማወቋን በአደባባይ አምናለች። ያ የዛገ ብረት የእምነት ቃል ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ በዚያ ቦይ ዳር ቆሜ ሳለሁ አንድ ሌላ ግንብ ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአገራችን ከአንድ ወንዝ በላይ በሚያልፍ መንገድ ላይ የድጋፍ ግንብ ሲሠራ የሥራው ቦታ መሐንዲስ ነበርሁ። ቁመቱ አራት ሜትር ያህል ሲሆን ከኋላው ያለው አፈር ጥቁር መረሬ ነበር። በሥዕሉ መሠረት ከግንቡ ኋላ ገረጋንቲ ሞላን፤ የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳዎችም አደረግን። ሥራው ተረከበ፤ እኔም ወደ ሌላ ሥራ ተዛወርሁ። ከአንድ ክረምት በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነው፣ ግንቡም ወደ መሐሉ ትንሽ ሆዱን ገፍቶ አየሁ። አየሁና ምን አደረግሁ? ሥራው ተረክቧል፣ አሁን የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው ብዬ አለፍሁ። አንድ ወረቀት አልጻፍሁም፤ አንድ ስልክ አልደወልሁም። በተከተለው ክረምት ግንቡ ወደቀ። የወደቀው ሌሊት በመሆኑ ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን ከሥሩ አትክልት በመቸርቸር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት የመሸጫ መደባቸውን አጡ። ወሬውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ማለፍ ይከብደኛል።

ቀዳዳውን ለመክፈት አንድ የቀን ሠራተኛና አንድ ብረት ይበቃ ነበር። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንኑ ነው። እኛ መሐንዲሶች ተረቱን እናውቀዋለን፤ በሥራ ውላችንና በበጀታችን ውስጥ ግን ቦታ አልሰጠነውም። የምርቃቱ ቀን ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ሥዕሉ ከአንድ ቁም ሣጥን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ይጠፋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ መሠረቱ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ቢፈለግ አይገኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ከመሄዴ በፊት፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ወደሚገኝበት ሕንፃ ጎራ ብዬ ነበር። እዚያ አንዲት የነሐስ ጉጥ አለች፤ የአምስተርዳም የከፍታ መነሻ፣ ማለትም ዜሮ ሜትር የሚባለው ልክ የሚታይባት ናት። ታሪኩ ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ይመለሳል። በ1675 ከደረሰው የጎርፍ አደጋ በኋላ፣ የሒሳብ ሊቅና የከተማዪቱ ከንቲባ የነበረው ዮሐንስ ሁዴ የባሕር መከላከያው ግድብ ከፍታ ከከተማው ውሃ ልክ በስንት እንደሚበልጥ የሚያሳዩ ስምንት የእምነ በረድ ድንጋዮች በየውሃ በሮቹ ላይ እንዲተከሉ አደረገ። ከስምንቱ በቦታው የቀረው አንድ ብቻ ነው። ልኩ ግን አልጠፋም፤ ከጊዜ በኋላ ለመላው አገሪቱ፣ ቀጥሎም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የከፍታ መለኪያ መነሻ ሆነ።

ከጉጧ አጠገብ ውሃ የያዙ ረጃጅም የመስተዋት ዓምዶች አሉ። ሁለቱ በባሕሩ ዳር በሁለት ወደቦች የባሕሩን የጊዜውን ከፍታ ያሳያሉ። ሦስተኛው ከራሴ በላይ ርቆ ይወጣል፤ እርሱም በየካቲት 1953 በዜላንድ የደረሰው ጎርፍ የወጣበት የ4.55 ሜትር ከፍታ ነው። በዚያ ጎርፍ በኔዘርላንድ 1,836 ሰዎች ሞተዋል። ዓምዱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ቁጥሩን አይረሳውም።

እዚያ ቆሜ የሦስቱ ቀናት ነገር በአንድ ላይ ተያያዘልኝ። የቦዮቹ ውሃ ከዚያች ዜሮ ልክ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በፓምፕና በውሃ በሮች ቀንና ሌሊት ይጠበቃል። ውሃው ከፍ ቢል ምድር ቤቶች ይጥለቀለቃሉ፤ ዝቅ ቢል የግንዶቹ ራስ ለአየር ይጋለጣል። ጎብኚው ሲያልፍ የሚያየው የተረጋጋ ውሃ የቤቶቹ የሕይወት ዋስትና ነው። የግንዱ ዕድሜ በውሃው ልክ፣ የውሃው ልክ ደግሞ ከ300 ዓመት በላይ በተጠበቀ መዝገብ ላይ የቆመ ነው። በቦይ ዳር ግንቦቹ ረገድ መዝገቡ በላላበት ቦታ ደግሞ ግሪምቡርግዋል ደረሰ። ያችው አንዲት ከተማ ሁለቱንም አስተማረችኝ።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። እያንዳንዳችን እስከሚቀጥለው ዓመታዊ ስብሰባ ድረስ፣ ሠርተን ካስረከብናቸው ሥራዎች መካከል አንዱን መርጠን ተመልሰን እንየው። ድልድይ ይሁን፣ የድጋፍ ግንብ ይሁን፣ የውሃ መውረጃ ቱቦ ይሁን፣ መርጠን እንሂድ። መሠረቱ ምን እንደሆነ፣ ማን መቼ እንደሠራው፣ ዛሬ ምን እንደሚመስል በአንድ ገጽ እንጻፍ፤ ጉዳት ካየንም ለሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ እናሳውቅ። ማኅበሩም ገጾቹን ሰብስቦ በአንድ መዝገብ ያኑራቸው። መቶ አባላት መቶ ገጽ ቢያመጡ ከነገዎቹ መሐንዲሶች ጥቂቶቹ እንኳ በጨለማ ከመዳሰስ ይድናሉ።

የመጀመሪያውን ገጽ ይዤ መጥቻለሁ። ስለዚያ ስለወደቀው ግንብ የተጻፈ ነው። ስሜንም ፈርሜበታለሁ። ለሊቀ መንበሩ አስረክቤ ንግግሬን እፈጽማለሁ።