በሌሊት ትንፋሽ ያጠራት የቤት አይጥ

በእንግሊዝ አገር አይጥን በቤት ማሳደግ የቆየ ልማድ ሲሆን፥ ወዳጆቿም እ.ኤ.አ. በ1976 ብሔራዊ ማኅበር እስከ ማቋቋም ደርሰዋል። ይህች ፍጥረት በባሕርይዋ ማስታወክ የማትችል ናትና፥ በመንፈቀ ሌሊት የዋጠችው ቁራሽ ዳቦ በጉሮሮዋ ቢሰነቀር፥ አገጯን ወደ ደረቷ እየሳበች፥ ለሃጯን እያዝረበረበች፥ በፊት እግሮቿ አፏን ስትጠርግ ትታያለች። ይህን ያየ ሰው ልቡ ቢታወክም፥ እንስሳዪቱ መተንፈስ እስከቻለች ድረስ፥ የቀረውን ምግብ ከፊቷ አንሥቶ በጸጥታ አጠገቧ ሆኖ ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ብዙውን ጊዜ የተሰነቀረውን ራሷ ታወጣዋለችና። ውሃ በግድ ማጠጣት ግን ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል ፈጽሞ ክልክል ነው።

ከመታነቅ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ የሳንባ ደዌ ነው። በዓይኗና በአፍንጫዋ ዙሪያ የሚታየው ቀይ ፈሳሽ ደም ቢመስልም፥ ከዓይኗ ጀርባ ካለው ዕጢ የሚመነጭ የሕማምና የጭንቀት ምልክት ነው። አይጥ የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ በመሆኑ፥ አፏን ከፍታ ስታለከልክ ያያችሁ እንደ ሆነ፥ አየር በሚያስገባ ሞቅ ያለ ሣጥን አድርጋችሁ፥ ንጋትን ሳትጠብቁ ወደ እንስሳት ሐኪም አድርሷት። በእንግሊዝ አገር የእንስሳት ሐኪሞች የሙያ ደንብ፥ የአስቸኳይ ጊዜ ርዳታ በሌሊትም እንዲዘጋጅ ያዝዛል።